ሳምቡሳ የማን ነው? ከባግዳድ ድስት እስከ እንጅባራ ምድጃ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



በረመዳን አንድ ምሽት በተምር አፍጥረን፣ መግሪብን ሰግደን፣ በመስጊዱ በረንዳ ላይ ሾርባና ሳምቡሳ ቀርቦልን ተቀምጠን ነበር። እንጅባራን የሚያውቅ ሰው የዚያን ሰዓት ብርድ ያውቀዋል፤ ትኩስ ሳምቡሳ ከምግብነቱ ይልቅ የእጅ ማሞቂያነቱ ይቀድማል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወንድማችን ሳምቡሳውን በእጁ እንደያዘ ጠየቀን። «ኡስታዝ፣ ይሄ የዐረብ ምግብ ነው አይደል? አንዳንድ የዶርም ልጆች ‹እናንተ እኮ ምግባችሁም ሃይማኖታችሁም ከውጭ የመጣ ነው› እያሉ ይቀልዱብኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

እውነቱን ለመናገር የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» ብለን አለፍነው። ልጁ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ወደ ቤት ገባ። ቀልድ መስሎ ቢመጣም ከታች ያለው ነገር ቀላል አይደለም። «እንግዳ ነህ» የሚል ነው። ስለዚህ ዛሬ የሳምቡሳን ታሪክ በተቻለን መጠን ከሥሩ እንነግራችኋለን። መጨረሻ ላይ ደግሞ በቤታችሁ እንዴት እንደምትሠሩት እንጽፋለን። ምክንያቱም የራስን ምግብ አሠራር አለማወቅም አንድ ዓይነት እንግድነት ነው።

1. ስሙ ከየት መጣ?

ሳምቡሳ የሚለው ስም ሥሩ ፋርስኛ ነው። «ሰንቦሳግ» ይባል የነበረው ቃል ወደ ዐረብኛ ሲገባ «ሰንቡሰጅ»፣ ኋላም «ሰንቡሰክ» ሆነ። ሕንዶች «ሳሞሳ»፣ ሶማሌዎች «ሳምቡስ»፣ የስዋሂሊ ሰዎችና እኛ «ሳምቡሳ» አልነው። እንግዲህ የዶርም ልጆቹ የመጀመሪያ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ዐረቦች ራሳቸው ይህን ምግብ ከነስሙ ከጎረቤት ተቀብለውታል። ተቀብለው ግን የራሳቸው አደረጉት፤ ማንም ደግሞ «የእናንተ አይደለም» አላላቸውም።

በዐባሲያ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ሰንቡሰጅ የታወቀ ምግብ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው አል-መስዑዲ (በ956 እ.ኤ.አ. የሞተ) «ሙሩጅ አዝ-ዘሀብ» በተባለው መጽሐፉ በኸሊፋው አል-ሙስተክፊ ግብዣ ላይ ስለ ምግብ የተነበቡ ግጥሞችን ሲዘግብ፣ ከነዚያ አንዱ ስለ ሰንቡሰጅ አሠራር የሚናገር ነው። የግጥሙ ባለቤት በ850 ገደማ የሞተው ታዋቂው ሙዚቀኛ ኢስሓቅ አል-መውሲሊ ነው። እንግዲህ ዛሬ ከአሥራ አንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከዚያ በኋላ በ623 ዓመተ ሒጅራ (1226 እ.ኤ.አ.) ሙሐመድ ኢብን አል-ሐሰን አል-ባግዳዲ የተባለ ሰው «ኪታብ አጥ-ጠቢኽ» የተሰኘ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ጻፈ። በውስጡ ያለው የሰንቡሰጅ አሠራር የእናቶቻችንን እጅ ያስታውሳል። ሥጋው ተከትፎ በቅመም ይበስላል፤ ስስ ቂጣ ረዘም ረዘም ተደርጎ ይቆረጣል፤ ሙሌቱ ይገባበትና ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታጠፋል፤ ጫፉ በሊጥ ይጣበቃል፤ ከዚያ በሰሊጥ ዘይት ይጠበሳል። ስምንት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው ጽሑፍ ነው። ዛሬ እንጅባራ ውስጥ አንዲት እህታችን ጫፉን በበጠበጠችው ዱቄት ስታጣብቅ ይህንኑ እየደገመች ነው።

2. ከዴልሂ እስከ ዘይላ

ሳምቡሳ በነጋዴና በመንገደኛ እግር ተጓዘ። ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ኢብን ቱግሉቅ ማዕድ ላይ ስለቀረበው «ሰሙሰክ» ጽፏል። በስስ ቂጣ የተጠቀለለ የተከተፈ ሥጋ ሲሆን፣ ለውዝ፣ ፒስታቺዮ፣ ሽንኩርትና ቅመም ገብቶበት በቅቤ የተጠበሰ ነበር። ይኸው ኢብን በጡጣ ወደ ሕንድ ከመዝለቁ በፊት በእኛው በር በዘይላ በኩል አልፏል። ከተማዋን አልወደዳትም፤ በዓሣና በግመል እርድ ሽታ ምክንያት ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደሩን ጽፏል። ዘይላን ግን ትልቅ ገበያ ያላት ከተማ ብሎ መመስከሩ አልቀረም።

ይህን የምናነሳው ለአንድ ነገር ነው። የሀገራችን ሰው ከዚህ ባሕር ማዶ ዓለም ጋር የተገናኘው ትናንት አይደለም። በዘይላ፣ በበርበራና በምፅዋ በኩል ቡናው፣ ዝባዱና ወርቁ ሲወጣ፣ ጨርቁና ቅመሙ ይገባ ነበር። ሰውም ይሄድ ነበር፤ አንዳንዱ በንግድ፣ ብዙው ደግሞ በግፍ በባርነት ተሽጦ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እዚሁ ሀገራችን ውስጥ ተወልዶ በባርነት የተሸጠው ማሊክ ዐምበር በሕንድ ደቡብ የአሕመድናጋር መንግሥት አስተዳዳሪና የጦር መሪ እስከመሆን ደርሶ በ1626 እ.ኤ.አ. ሞቷል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የሕንድ ሙስሊም ነጋዴዎች ሐረር ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ ከእነርሱ መካከል ስሙ የገነነው የመሐመዳሊ ድርጅት ነው። የየመን ነጋዴዎችም በየትንሹ ከተማ ገብተው «የዐረብ ሱቅ» የሚባለውን ከፈቱ። የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚህ ሰዎችና በእነዚህ መንገዶች ሳምቡሳና ፈጢራ ከምሥራቁ ወደ መሐል ሀገር ቀረቡ። ነጩ የስንዴ ዱቄት ከየመፍጫው መውጣት ሲጀምር ደግሞ በየከተማው ሻይ ቤት ተስፋፉ። «ፉርኖ ዱቄት» የምንለው ስም ራሱ «ፎርኖ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው፤ ምድጃ ማለት ነው። አንዲት ሳምቡሳ ውስጥ ስንት ሀገር እንዳለ ልብ በሉ።

3. እኛስ እዚህ ከመቼ ጀምሮ አለን?

የወንድማችን ጥያቄ ሁለተኛ ክፍል ይህ ነው። ሳምቡሳው ዘግይቶ መጣ እንበል፤ ሰዎቹስ?

በጎጃምና በጎንደር ምድር የሙስሊም ነጋዴ ዱካ ጥንታዊ ነው። በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ ርስት እንዳይኖረው በአብዛኛው ስለተከለከለ ኑሮውን በንግድና በሽመና መሠረተ። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ የጎንደሩ እስላም ቤት፣ ኋላም አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ልብ በሉ፤ «ተለይተው ይቀመጡ» ተብሎ አዋጅ የሚወጣበት ሕዝብ ቀድሞ አብሮ የኖረና ቁጥሩም የሚታይ ሕዝብ ነው። የጀበርቲ ነጋዴዎች ጎጃምን አቋርጠው እስከ ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግረው እስከ እናርያ በመመላለስ ቡናውን፣ ዝባዱንና አሞሌ ጨውን ያገበያዩ ነበር።

ጎረቤታችን ዳንግላ ደግሞ ለሱዳን መንገድ ቅርብ በመሆኗ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ድረስ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ተቀምጦባታል። የእኛዋ እንጅባራ፣ አሮጌው ስሟ ኮሶ በር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውና ወደ ቻግኒና መተከል የሚታጠፈው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። መንገድ ባለበት ነጋዴ አለ፤ ነጋዴ ባለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሶላት አለ።

በቅርቡም ቢሆን ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘው በትግል ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት አባቶቻችን ከጠየቋቸው ነገሮች መካከል ዒዶቻችን በብሔራዊ ደረጃ እንዲከበሩና «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንድንባል የሚሉት ይገኙበታል። በሰልፉ ላይ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረዋቸው ነበሩ። ወንድማችን በዶርሙ የሚሰማውን ቀልድ አባቶቹ ከሃምሳ ዓመት በፊት መልስ ሰጥተውበታል።

4. ምስሩ የማን ሐሳብ ነው?

አሁን ወደ ሳምቡሳው እንመለስ። በባግዳድና በዴልሂ ማዕድ ላይ ሙሌቱ ሥጋ ነበር። በእኛ ሀገር ግን «ሳምቡሳ» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ምስር ነው። ለምን ይመስላችኋል?

አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። ሌላው ግን ከዋጋ የጠለቀ ነው። በሀገራችን ልማድ ሙስሊሙ የሙስሊምን እርድ፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያንን እርድ ይበላል። በዒድም ሆነ በፋሲካ ጎረቤት ሲጠራ ሥጋው ለየብቻ ይዘጋጃል። ምስር ግን ቢላ አይጠይቅም፤ ጾምም አይሽርም። የምስር ሳምቡሳ ለሙስሊሙ ማፍጠሪያ፣ ለክርስቲያኑ የጾም ቁርስ፣ ለሻይ ቤቱ የሁሉም ደንበኛ ምግብ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ሲገቡ፣ ለሳምንታት ያህል አንዱ ጎረቤት ሥጋና ወተት ትቶ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ምግብ ትቶ ጎን ለጎን ጾመዋል። በዚያን ጊዜ ለሁለቱም ቤት የምትሆን ሳህን ብትፈለግ የምስር ሳምቡሳ ሳህን ናት።

በአዊ ደግሞ ድንች አለ። ድንች ራሱ እንግዳ ሰብል ነው፤ ወደ ሀገራችን ያስገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ዛሬ ግን የአዊን ገበሬ «ድንች የማን ነው?» ብትሉት ይስቅባችኋል። የተከለው፣ ያረመውና የሚበላው እርሱ ነዋ! ምግብ ባለቤትነቱ በመጣበት ሳይሆን በሚያበስለው እጅ ነው።

5. ከእኛ የሄደውስ?

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት የማያውቀውን አንድ ዘገባ እናንሳ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አሳዳጊ የነበረችው ኡሙ አይመን፣ በረካ (ረ.ዐ)፣ ሐበሻዊት ናት። የኡሳማ ኢብን ዘይድም እናት ናት። ኢብን ማጀህ በምግብ ምዕራፋቸው እንደዘገቡት፣ አንድ ቀን ዱቄት ነፍታ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቂጣ አዘጋጀች። ምንነቱን ሲጠይቋት በሀገራችን የምንሠራው ምግብ ነው፣ ለእርስዎ ልሠራልዎ ወድጄ ነው አለቻቸው። እርሳቸውም ገለባውን መልሳ እንድትቀላቅለውና እንድታቦካው ነገሯት።

ሱብሓነላህ! ብዙ ትምህርት አለበት። የዱቄትን ገለባ አለመጣል ጤናማ መሆኑን ዛሬ ሐኪሞች ይነግሩናል፤ ያ አንዱ ነው። ለእኛ ግን ከዚህ የሚቀርብ ነገር አለ። አንዲት የዚህ ምድር ሴት ከሀገሯ ርቃ፣ «የሀገሬ ምግብ» ብላ በነቢዩ ቤት ሊጥ አቡክታለች። እርሳቸው «እዚህ የሐበሻ ምግብ ምን ይሠራል?» አላሉም። እንዴት ብታሻሽለው እንደሚሻል መከሯት። እንግዲህ ከእኛ ወደዚያ የሄደ ሊጥ ካለ፣ ከዚያ ወደኛ የመጣ ሊጥ ምን ያሳፍራል?

ቋንቋውም ይህን ይመሰክራል። በዐረብኛ «ፈጠረ» የሚለው ሥር መሰንጠቅን፣ መጀመርንና መፍጠርን ይይዛል፤ ፊጥርና ኢፍጣር፣ ያልቦካ ሊጥ የሚባለው ፈጢርና የምንበላት ፈጢራም ከእርሱ ናቸው። በግዕዝና በአማርኛም «ፈጠረ» ፈጠረ ነው። አማርኛው «ቁርስ» ደግሞ ከመቁረስ ነው። በሁለቱም ቋንቋ የመጀመሪያው ምግብ አንድ ነገር በመስበር ይጀምራል።

6. እንሥራው

ኢንሻአላህ አሁን እጃችሁን ታጠቡ። ይህ ለወንዶችም ነው፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እንናገራለን።

ሙሌቱ፦ 300 ግራም ያህል ድፍን ምስር ለቅማችሁ፣ አጥባችሁ ቀቅሉ። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ከቆላው ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ምስሩ ጊዜ ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። ሲበስል ግን እንዳይፈርስ። ውሃውን በደንብ አጥልሉት። ቀይ ሽንኩርት ደቃቅ አድርጋችሁ በትንሽ ዘይት ለስለስ እስኪል አቁሉ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ጨምሩ። ምስሩን ገልብጡበትና እርጥበቱ እስኪጠፋ አማስሉ። ካወረዳችሁ በኋላ የተከተፈ ቃሪያ ጣሉበት። ድንች የምትወዱ በደቃቁ ቆርጣችሁና ቀቅላችሁ ግማሹን በድንች ተኩ። ከሁሉም በላይ ሙሌቱ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ሙሌት እንፋሎቱ ሊጡን ያላላዋል፤ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይተረተራል። እኛ በመጀመሪያው ሙከራችን ይህን ሳንጠብቅ ቀርተን፣ ምስሩ ዘይት ላይ ተበትኖ በማንኪያ ስንለቅም አምሽተናል።

ሊጡ፦ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ትንሽ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ለብ ያለ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ጠንከር ያለ ሊጥ አብኩ። እርሾ አይገባም። ቅቤና እንቁላልም አታስገቡ፤ ጾም ላይ ያለ ጎረቤት ሊኖር ይችላል። አሥር ደቂቃ አሹት፤ ከዚያ ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ስትዳምጡት መልሶ ይሰበሰባል።

ቂጣው፦ ሊጡን ስምንት ቦታ አድቦልቡሉ። እያንዳንዱን ሳህን እስኪያክል ዳምጡ። አንዱን ዘይት ቀቡት፣ ዱቄት ነስንሱበት፣ ሁለተኛውን ደርቡበት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስስ እስኪሆኑ ዳምጡ። በጋለ ምጣድ ላይ በአንዱ ጎን ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ በሌላው ጎን ከዚያ ባነሰ ጊዜ አሙቁት፤ እንዳይቀላ። ገና ትኩስ እያለ ሁለቱን ለያዩት። እያንዳንዱን ቂጣ አራት ቦታ ቁረጡ። ሠላሳ ሁለት ቁራጭ ይወጣችኋል። እንዳይደርቅ በጨርቅ ሸፍኑት።

አጠቃለሉ፦ ቁራጩን እንደ ወረቀት ቆሎ መቋጠሪያ ጠቅልሉት። አንድ ማንኪያ ሙሌት አስገቡ፤ አታጭቁት። አፉን በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ቀብታችሁ እጠፉና ተጫኑት። ቀዳዳ ካለ ዘይት ይገባል።

ጥብሱ፦ ዘይቱ መድረሱን በቁራጭ ሊጥ ፈትሹ። ወደ ታች ወርዳ አረፋ እያወጣች ቀስ ብላ ከተነሳች ደርሷል። ወዲያው ከጠቆረች በዝቷል፤ ዝም ካለች ዘይቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሳምቡሳው ዘይት ይጠጣል። ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ወርቃማ እስኪሆን ጥበሱ። የጠቆረ ዘይት ደግማችሁ አትጠቀሙ።

ያልተጠበሰውን በሳህን ደርድራችሁ፣ ሸፍናችሁ ብታሳድሩት ጠዋት ለቁርስ ትኩስ ጠብሳችሁ ከሻይ ጋር ትበላላችሁ።

7. ምድጃው ጋ ማን ቆመ?

ወንድሞቻችን ሆይ፣ ስለ ሳምቡሳ ታሪክ ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ አንድ እውነት ብንዘል አላህ ይጠይቀናል። በብዙ ቤት የረመዳን ከሰዓት በኋላ እናትና እህት ራሳቸው ፆመው ምድጃ ጋ ይቆማሉ። አዛን ሲል እኛ ተምር ይዘን ተቀምጠናል፤ እነርሱ የመጨረሻውን ሳምቡሳ እየገለበጡ ነው። ዱዓእ ተቀባይነት በሚያገኝበት በዚያ ሰዓት እጃቸው ሊጥ ነው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበርና የሶላት ጊዜ ሲደርስ እንደሚወጡ መመለሷን ቡኻሪ ዘግበዋል። እንግዲህ ሽንኩርት መክተፍ ወንድነትን አይቀንስም። ሠላሳ ሁለቱን ቁራጭ ሁለት ሰው ቢጠቀልል ሁሉም ከአዛን በፊት ይቀመጣል። ፆመኛን ያስፈጠረ ሰው የፆመኛውን ያህል ምንዳ እንደሚያገኝ በሐዲስ ተነግሮናል። ይህን ምንዳ ለእናቶች ብቻ ትተን መቀመጣችን ስንፍና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) በግ ባረደ ጊዜ ቤተሰቡን ለአይሁዳዊ ጎረቤታችን ሰጣችሁ ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። ከሠላሳ ሁለቱ አምስት ስድስቱን ለጎረቤት አድርሱ።

ወደዚያ ተማሪ ወንድማችን እንመለስ። መልሳችን ይኸው ነው። ለዶርም ጓደኞችህ ክርክር አታንሳ። ቅዳሜ እቤት ሂድ፣ ከእናትህ ጋር ተቀመጥ፣ አሠራሩን ተማር። ሳህን ሙሉ የምስር ሳምቡሳ ይዘህ ተመለስና አቅርብላቸው። እየበሉ «የማን ምግብ ነው?» ካሉህ «እኔ የሠራሁት ነው» በላቸው።

አላህ ፆማችንን፣ ሶላታችንንና የእናቶቻችንን ድካም ይቀበለን። በሀገራችን ሰላምን ያውርድልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።